ሰሙ ዕቃው፣ ወርቁ ትርጉሙ፦ የገጠሩን ምልክት ያነገቡ ሱቆች ለአርሶ አደሩ ምን ያተርፋሉ?

መራዊ፦ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው የከተሞቻችንን ሱቆች በሁለት መልክ ያገኛቸዋል። አንደኛው መልክ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ግድግዳው በቢራ፣ በለስላሳ መጠጥ ወይም በቴሌኮም ድርጅት ቀለም የተቀባ፣ መደርደሪያው ከየትኛውም ከተማ ሱቅ የማይለይ። ሁለተኛው መልክ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እየተበራከተ የመጣው ነው፤ ቡና፣ ማር፣ ቅመም ወይም የሀገር ልብስ ብቻ የሚሸጥበት፣ ግድግዳው ላይ አገልግል፣ ሰፌድ፣ ቅልና ዋንጫ የተሰቀለበት፣ ደጃፉ ላይ ሞፈርና ቀንበር የቆመበት ሱቅ።

ይህ ሁለተኛው መልክ ዓይንን ያሳርፋል፤ የገጠሩን ልጅ ያኮራል፤ መንገደኛውንም ያስቆማል። ነገር ግን ከውበቱ ጀርባ መነሣት ያለበት ጥያቄ አለ። አርሶ አደሩ የሚያርስበት ቀንበር፣ እናት የምትሰፋው መሶብ፣ ሸክላ ሠሪዋ የምታበጀው ጀበና የሱቅ ጌጥ ሲሆኑ ትርፉ ለማን ይደርሳል? ሱቁንስ የሚያቆመው ጌጡ ነው ወይስ ምርቱ? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በምዕራብ ጎጃም ከተሞች ዓይን ይመረምራል።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ይነሣል?

ምክንያቱ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ምርቱ መኖሩ ነው። ሰሜን ሜጫ ላይ የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያለማ ተደርጎ ከተገነባ ወዲህ የመራዊ ዙሪያ አርሶ አደር በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ማምረት ጀምሯል፤ ከስንዴና ከድንች ባሻገር አቮካዶም ተክሏል። ቡሬና አካባቢዋ በበርበሬ የታወቁ ናቸው። ቡሬ ላይ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም ተመርቋል። የምርት እጥረት ብቻ ሳይሆን ምርትን በስምና በመልክ ለይቶ የመሸጥ እጥረት ያለብን ለዚህ ነው። በርበሬው በማዳበሪያ ተሞልቶ በጭነት መኪና ይወጣል፤ ሌላ ከተማ ተፈጭቶና ታሽጎ፣ ሌላ ስም ተለጥፎበት ይመለሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ወጣቱ ነው። ከኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ብድር ሲወስዱ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ሐሳባቸው «ቆንጆ ሱቅ እንክፈት» የሚል ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ክፋቱ የብድሩ ገንዘብ ምርት ሳይገዛበት በቀለም፣ በመብራትና በጣውላ ሲያልቅ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የወቅቱ ሁኔታ ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተፈጠረው ግጭት የሰውንና የዕቃውን እንቅስቃሴ አስተጓጉሏል፤ የጎብኚውንም እግር አሳጥሯል። ስለዚህ ለውጭ ሀገር ቱሪስት ተብሎ የሚዋብ ሱቅ ደንበኛ ያጣል። ዛሬ ሱቁን የሚያኖረው የከተማው ነዋሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ሾፌሩና ለበዓል ወደ ዘመድ የሚሄደው መንገደኛ ነው። ምልክቱም መናገር ያለበት ለእነርሱ ነው። ለእነርሱ ደግሞ መሶብ ብርቅ አይደለም፤ ቤታቸው አለ። እንግዲህ የሚያውቁትን ነገር አዲስ አድርጎ ማሳየት የሚችል ባለሱቅ ብቻ ነው የሚያስቆማቸው።

መነሻው ከቤታችን ነው

ብዙዎች የሱቅ ማስዋብን ከውጭ የመጣ ሙያ አድርገው ይቆጥሩታል። ነገሩን ልብ ላለው ግን የቡና ሥርዓታችን ራሱ በሚገባ የታሰበበት የቦታ ዝግጅት ነው። ቄጠማው መሬቱን ይለውጠዋል፤ ረከቦቱ የዓይን ማረፊያ ይሆናል፤ ዕጣኑ ቦታውን ከሌላው ቦታ ይለያል፤ የቡናው መቆላት ድምፅና ሽታው እንግዳውን ከደጅ ይጠራዋል። በትንሽ በርጩማ መቀመጡም ትርጉም አለው፤ ሰዎችን ያቀራርባል፤ ጨዋታ ያመጣል። በየመንገዱ ዳር በላስቲክ ጥላ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ እህት ይህን ሁሉ በሁለት ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ታከናውነዋለች። ገንዘብ ያፈሰሱ ትልልቅ ካፌዎች ደንበኛ ሲያጡ እርሷ ደንበኛ የማታጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በእርሷ ዘንድ እያንዳንዱ ዕቃ ሥራ አለው፤ ለጌጥ ብቻ የተቀመጠ ነገር የለም።

ከዚህ የምንረዳው የመጀመሪያው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሥራ ያለው ምልክት ከተሰቀለ ምልክት ይበልጣል። ማሩ በቅል ቢቀዳ፣ በርበሬው በእንቅብ ቢቀርብ፣ ደንበኛው የገዛውን በትንሽ አገልግል ይዞ ቢሄድ ዕቃው በራሱ ይናገራል። ግድግዳ ላይ በምስማር የተመታ ሰፌድ ግን ከወር በኋላ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር የሚናገረው የለውም።

ከአዲስ አበባ ሱቆች የሚቀሰም ትምህርት

በሀገራችን ስም ካተረፉ የችርቻሮ መደብሮች ሦስቱን እንመልከት። ቶሞካ በአዲስ አበባ ፒያሳ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተ የቡና መቁያና መሸጫ ነው። ደንበኛው ቆሞ የሚጠጣባቸው ረዣዥም ጠረጴዛዎች ዛሬም መለያው ናቸው። ቶሞካ ዘመን በተለወጠ ቁጥር መልኩን አለመለወጡ ራሱ ምልክት ሆነለት። የቆየ ነገርን ጠብቆ ማቆየት ከአዲስ ዲኮር የረከሰና የበለጠ የሚታመን ማስዋቢያ እንደሆነ ያስተምረናል። በየከተሞቻችን ያሉ የቆዩ የጠጅ ቤቶችና የልብስ ሰፊ ሱቆች ይህን ሀብት ሳያውቁት እንዳያፈርሱት ያስፈልጋል።

ካልዲስ ቡና ደግሞ በ1990ዎቹ ማብቂያ ዓ.ም በወይዘሮ ጸደይ አሥራት የተመሠረተ ነው። ስሙን የወሰደው ፍየሎቹ የቡና ፍሬ በልተው ሲቦርቁ አየ ከተባለው እረኛ አፈ ታሪክ ነው። ታሪኩ አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ስለ ቡና በታተመ መጽሐፍ ይገኛል። የፍየሎቹ ጭፈራ ሕፃንም አዋቂም የሚያስቅ፣ በአንድ ጊዜ የሚገባ ምስል ነው። ይሁን እንጂ የካልዲስ ክብ አረንጓዴ ዓርማና አጠቃላይ መልኩ የአሜሪካውን ስታርባክስ በመምሰሉ በዓለም አቀፍ ጋዜጦች ሳይቀር ተነሥቷል። ድርጅቱ በንግዱ ተሳክቶለታል፤ ለእኛ ግን ትምህርቱ ሌላ ነው። በእጁ የሚቦርቁ ፍየሎች ያሉት ሰው የባሕር ማዶ ዓርማን ቅርፅ መዋስ አያስፈልገውም። የቡሬ ባለሱቅም የአዲስ አበባን ሱቅ ፎቶ አንሥቶ ለአናጢ «እንደዚህ አድርግልኝ» ከማለቱ በፊት ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ሶልሬብልስ የተሰኘው የጫማ ድርጅት ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የመሠረተችው ይህ ድርጅት ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራውን በረባሶ መነሻ አድርጎ በተለያዩ ሀገሮች መደብር እስከመክፈት ደርሷል። በረባሶ በገጠራችን የድህነት ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። እርሷ ግን ያንኑ ዕቃ የእንቢተኝነትና የብልሃት ምልክት አድርጋ ገለበጠችው፤ የድርጅቱ ስምም ይህንኑ ይላል። እዚህ ላይ ጨዋታ አለ፤ በጨዋታው ውስጥ ደግሞ ክብር አለ። ከሦስቱ ምሳሌዎች ለገጠር ከተሞቻችን የሚቀርበው ይህ ነው። የሚናቅ ነገርን ወስዶ፣ ጥራቱን አሻሽሎ፣ ሠሪውን አስከብሮ መሸጥ።

ሰምና ወርቅ ያለው ሱቅ

የጎጃም ሰው ምልክትን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገውም። ከሦስቱ ታዋቂ የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ጎንጅና ዋሸራ፣ ከዚሁ ምድር የወጡ ናቸው። ቅኔ አንድ ቃል ሁለት ነገር እንዲናገር የማድረግ ጥበብ ነው፤ ሰሙ ላይ ላዩን ይሰማል፣ ወርቁ ያዳመጠ ያገኘዋል። በምልክት የተሞላ ጥሩ ሱቅም ከዚህ አይለይም። ሰሙ ዕቃው ነው፤ ወርቁ ዕቃው የሚያስታውሰው ሕይወት ነው።

ለምሳሌ አንድ የማር ሱቅ ግድግዳውን በማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን መደርደሪያ ቢሠራ ሰሙ የንብ ቤት ነው። በየመደርደሪያው ሆድ ውስጥ ማሩ የተቀሰመበትን አበባ ሥዕል ቢያኖር ወርቁ ይወጣል፤ ይህኛው የአደይ፣ ያኛው የኑግ፣ ሌላው የግራር እየተባለ ደንበኛው ማር ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ይማራል። የበርበሬ ሱቅ ወለሉ ላይ አውድማን የመሰለ ክብ ቢያበጅና በመካከሉ ሚዛኑን ቢያኖር፣ እህል በአውድማ ፊት ለፊት እንደሚሰፈር ሁሉ ሚዛኑም በግልጽ እንደሚሠራ ይናገራል። ይህ ቀልድ ያለው፣ ግን መተማመንን የሚፈጥር ምልክት ነው።

እንቆቅልሽም አለን። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ ያላደገ የገጠር ልጅ የለም። በየዕቃው ሥር መልሱን ያልጻፈ፣ ጥያቄውን ብቻ የጻፈ ሱቅ ልጆችን ያስቆማል፤ ልጅ ከቆመ እናት ትቆማለች። አንድ ሰው ገሳ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ዝናብ ሲመጣ የሚወጣ፣ ፀሐይ ስትመጣ የሚተኛ» ብሎ ቢጽፍ የከተማው ልጅ አባቱን ይጠይቃል፤ አባት ስለ እረኝነቱ ይተርካል። ሱቁ የዚያን ጊዜ የገበያ ቦታ ብቻ መሆኑ ይቀርና የትውልድ መገናኛ ይሆናል።

ምልክት ሲመረጥ ግን የአካባቢው ይመረጥ። ለሜጫ የመስኖ ቦይና የድንች አበባ፣ ለቡሬ በክር የተሰካ ቀይ በርበሬ፣ ለጎረቤት አዊ ፈረስ፣ ለጣና ዳር የደንገል ታንኳ አለላቸው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል፤ ስለዚህ በእንጅባራ ሱቅ ውስጥ ፈረስ መሣል ታሪክ አለው። ያንኑ ፈረስ ትርጉሙን ሳያውቁ በሌላ ቦታ መሣል ግን ግድግዳን መሙላት ብቻ ነው።

በጨዋታና በማላገጥ መካከል

ጨዋታ የበዛበት ሱቅ አንድ አደጋ አለበት። የገጠሩን ሰው መሣቂያ ሊያደርገው ይችላል። አፉን ከፍቶ በሕንፃ የሚደነቅ ባላገር፣ በአህያ ጭራ የሚጎተት ገበሬ፣ ቃላቱ የተጣመሙ የማስታወቂያ ጽሑፍ ለከተሜው ያስቅ ይሆናል። በገበያ ቀን በዚያ ደጃፍ የሚያልፈው አርሶ አደር ግን ያያል፤ ይገባዋልም። ምርቱን የሚያቀርበው እርሱ፣ ሲመቸውም ከዚያው ሱቅ የሚገዛው እርሱ ነው። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ሥዕሉን ራሱ አርሶ አደሩ ቢያየው አብሮ ይሥቃል ወይስ አንገቱን ይደፋል? አብሮ የሚሥቅበት ከሆነ ጨዋታ ነው፤ አንገቱን የሚያስደፋው ከሆነ ማላገጥ ነው።

ሁለተኛው አደጋ የሃይማኖት ንዋያትን የሚመለከት ነው። መስቀል፣ ጽና፣ ብራና፣ ከበሮ ወይም የመስጊድ ዕቃ ለቡና መሸጫ ጌጥ አይሆንም። የአማኙን ስሜት ከመጉዳቱ ሌላ ሕግም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በአግባቡ ማስመዝገብንና መጠበቅን ይደነግጋል። «አሮጌ ዕቃ እንገዛለን» እያሉ በየገጠሩ የሚዞሩ ሰዎች ከአያት የወረደ ብራና ወይም የብር ጌጥ በጥቂት ብር ሲጠይቁ ቤተሰቡ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሳያማክር መስጠት የለበትም። ለሱቅ ጌጥ አዲስ የተሠራ ዕቃ ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል፤ አዲሱን የሚሠራው ሰው እንጀራ ያገኝበታልና።

ዕቃውን የሚሠሩት እጆች

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ሱቆቻችን የሚዋቡባቸውን ዕቃዎች የሚሠሩት እነማን ናቸው? ጀበናውንና ምጣዱን ሸክላ ሠሪዎች፣ ጋቢውን ሸማኔዎች፣ የማረሻውን ብረት ቀጥቃጮች፣ ቆዳውን ፋቂዎች፣ የደንገል ታንኳውንና ቅርጫቱን የጣና ዳር ነዋሪ የሆኑት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። እነዚህ ባለሙያዎች በማኅበረሰባችን ውስጥ ለረጅም ዘመን የተናቁ፣ በቅጽል የተሰደቡ፣ ከጋብቻና ከማኅበር የተገለሉ ነበሩ። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን በየመንደሩ ፈጽሞ አልጠፋም።

እንግዲህ ጀበናዋን በክብር መስታወት ውስጥ ያስቀመጠ ሱቅ ሠሪዋን በገበያ ቀን በደጃፉ በዋጋ ተከራክሮ የሚያሳዝናት ከሆነ ምልክቱ ሐሰት ነው። ታንኳው የባሕር ዳር መታወቂያ ሆኖ በየሆቴሉ ሲሣል ታንኳ ሠሪው ደንገል የሚያጭድበት የሐይቅ ዳርቻ ከጠበበበት ውበቱ ግማሽ ነው።

የተሻለ መንገድ እንዳለ ከክልላችን ውስጥ ምሳሌ አለን። በደቡብ ጎንደር ፎገራ አካባቢ በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በሽመና የሚተዳደር ነው። እዚያ የሚሄድ ሰው ልብሱን የሚገዛው ከሸማኔው መንደር፣ ሸማው የሚሠራበትን እያየ ነው። ሴቶችም በሽመና ይሠማራሉ፤ የሥራ ክፍፍሉ በፆታ የተገደበ አይደለም። ጎብኚውን የሚያስደንቀው የግድግዳ ጌጥ አይደለም፤ ሥራውና ሠሪው በአንድ ቦታ መታየታቸው ነው። የመራዊ ወይም የፍኖተ ሰላም ባለሱቅ ሙሉ መንደር መመሥረት አይጠበቅበትም። በቅዳሜ ገበያ አንዲት ሸክላ ሠሪ ደጃፉ ላይ እንድትሠራ ቦታ ቢሰጥ፣ በየዕቃው ላይ የሠሪውን ስም በፈቃዱ ቢጽፍ፣ ዋጋውን አስቀድሞ ተስማምቶ ቢከፍል በቂ ነው።

ውበቱ ምርቱን እንዳይጎዳ

በግብርና ዓይን ሲታይ ብዙ ያማሩ ሱቆች የሚሸጡትን ምርት ራሳቸው ያበላሹታል። ጥቂት ነጥቦችን በዝርዝር ማንሣት ያስፈልጋል።

ማር በመስኮት አጠገብ በጠርሙስ ሲደረደር ፀሐይ ወርቃማ ያደርገዋል፤ ያምራል። ሙቀትና ብርሃን ግን ጥራቱን ይቀንሱታል። ማር በቀዝቃዛና ጨለም ባለ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ለዕይታ አንድ ጠርሙስ ይበቃል። የእርጥበት መጠኑ ከ20 በመቶ ካለፈ የመብላላት አደጋ አለው፤ ስለዚህ ሳይበስል የተቆረጠ ማር መግዛት አይገባም። የረጋ ማር ደግሞ ስኳር የገባበት ነው ማለት አይደለም፤ መርጋት ተፈጥሯዊ ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ ትንሽ ጽሑፍ በሱቁ ውስጥ ቢለጠፍ ከማንኛውም ጌጥ የበለጠ ደንበኛና አርሶ አደርን ከጭቅጭቅ ያድናል።

ቡና ሽታ ይስባል። ጥሬው ቡና ከ10 እስከ 12 በመቶ ባለው እርጥበት ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከበርበሬና ከቅቤ ርቆ መቀመጥ አለበት። ዕጣን የሚጨስበት ክፍልና ቡና የሚከማችበት ክፍል መለየት አለባቸው። የተቆላው ቡና ደግሞ ብርሃንና አየር መዓዛውን ይወስዱበታል፤ በመስታወት ማሰሮ ተሞልቶ ለወራት የሚታይ ቡና ጌጥ እንጂ ቡና አይደለም።

በርበሬ በክር ተሰክቶ ሲንጠለጠል ሱቁን ያሞቀዋል። ነገር ግን ፀሐይ የመታው ቀለሙ ይነጣል፤ እርጥበት ያገኘው ይሻግታል። ሻጋታው ለጤና አደገኛ የሆነውን አፍላቶክሲን ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የተንጠለጠለው በርበሬ ለዕይታ ብቻ ይሁን፤ በየጊዜው ይለወጥ፤ ለሽያጭ አይውረድ። የበቆሎ ዛላ ማንጠልጠልም እንዲሁ ነው። በውስጡ ያለ ነቀዝ ከጌጡ ወደ መደርደሪያው እህል ይሻገራል፤ ባለሱቁ ጠላቱን በገዛ እጁ ግድግዳ ላይ ሰቀለ ማለት ነው።

የሣር ጣሪያና የቀርከሃ ግድግዳ በጠበበ ክፍል ውስጥ ከከሰል ምድጃ ጋር ሲገናኙ የእሳት አደጋ ያመጣሉ። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰልም ሰውን ሳይታወቅ የሚገድል ጭስ አለው። ምድጃው በመስኮት ወይም በበር አጠገብ፣ ከሣሩ የራቀ መሆን አለበት። የደረቀው ቄጠማም በየዕለቱ ይጠረግ።

ሒሳቡ ምን ይላል?

የማር ዋናው ቆረጣ በአካባቢያችን የመስከረም አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በዓመቱ የሚሸጠውን ማር ባለሱቁ የሚገዛው በዚያ ጊዜ ነው፤ ዋጋው ረከስ የሚለውም ያኔ ነው። ለማሳያ ያህል 200 ሺህ ብር ይዞ የሚነሣ ወጣት 120 ሺሁን ለዲኮር ቢያውል በቀረው 80 ሺህ ብር የሚገዛው ማር ዓመቱን አይደርስለትም። መጋቢት ላይ ያማረ ባዶ ሱቅ ይዞ ይቀመጣል፤ ወይም ከነጋዴ በውድ ገዝቶ ይሸጣል፤ ያኔ ማሩ ከየት እንደመጣ ራሱም አያውቅም። በተቃራኒው 30 ሺህ ብር ለሱቁ፣ ቀሪውን ለምርት ያዋለ ወጣት ግድግዳውን ኖራ ቀብቶ፣ መደርደሪያውን ከአካባቢው ባሕር ዛፍ ሠርቶ፣ በየወሩ አንድ ምልክት እየጨመረ መሄድ ይችላል። ሱቅ እንደ ጓሮ ነው፤ በአንድ ቀን አይለማም።

ሕጉንም ማሰብ ያስፈልጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ምልክት በበዛበት ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የዋጋ ዝርዝሩ ነው። ዋጋውን በጥቁር ሰሌዳ በኖራ መጻፍ ለውበትም ለሕግም ይሆናል፤ ምርቱን ያመጣው አርሶ አደርም በስንት ገዝተው በስንት እንደሚሸጡት እንዲያይ ያደርገዋል።

ስሙ የማን ነው?

የምልክት ሁሉ ምልክት ስም ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ገጥሟት ነበር። ስታርባክስም መጀመሪያ አልተቀበለውም። ክርክሩ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱ ወገኖች ስምምነት ፈረሙ። የዚያ ሙግት ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፤ አንድ ስም በገበያ ላይ ዋጋ ካለው የስሙ ባለቤት ያመረተው ሕዝብ ነው የሚል ነው።

ይህ ሙግት ነገ ወደ እኛ ደጅ አይመጣም ማለት አይቻልም። የቡሬ በርበሬ፣ የዘጌ ቡና፣ የጎጃም ማር የሚሉ ስሞች በየሱቁ ደጃፍ እየተጻፉ ነው። በውስጡ ያለው ምርት ከሌላ ቦታ የመጣ ቢሆን ማን ይጠይቃል? የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ግለሰብ ብቻ ሳይሆን ማኅበርም በወል የንግድ ምልክት እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ይታደሳልም። እንደ መርከብና ዳሞት ያሉ የአርሶ አደር ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ በማር በኩልም የዘንባባ ዩኒየን ይህን በር ማንኳኳት የሚችሉ ተቋማት ናቸው። የወል ምልክቱ ከተመዘገበ በኋላ ሱቁ ያንን ምልክት በደጃፉ ለመስቀል ከማኅበሩ መግዛት ይኖርበታል። ያን ጊዜ ጌጡ ለአርሶ አደሩ ገቢ ይሆናል።

ከመንገድ ዳር ያለው ዕድል

ከሩቅ ሀገር አንድ ልምድ እናንሣ። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአውራ ጎዳናዎቿ ዳር መንገደኛ የሚያርፍባቸውን ጣቢያዎች በይፋ መመዝገብ ጀመረች፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከ1 ሺህ 200 በላይ ነው። በእነዚህ ጣቢያዎች መጸዳጃና ማረፊያ አለ፤ በጎናቸው ደግሞ የአካባቢው ገበሬ የራሱን ምርት የሚሸጥበት መደብር ይገኛል። በብዙዎቹ ዘንድ በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ ያመረተው ሰው ስም ይጻፋል። ሱቁን የሚያስጌጠው የአካባቢው ምልክት ነው፤ አንዱ ጣቢያ በሐብሐብ፣ ሌላው በዓሣ ይታወቃል።

መራዊ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ሦስቱም በአንድ አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጡ ናቸው። መንገደኛው ለምሳ ይወርዳል፤ ንጹሕ መጸዳጃ ይፈልጋል፤ ለቤተሰቡ አንድ ነገር ይዞ መሄድ ይሻል። ዛሬ በመኪናው መስኮት የሚያገኘው በችኮላ የተገዛ፣ ሚዛኑና ምንጩ የማይታወቅ ዕቃ ነው። መንገዱ ሰላም ሲያገኝ ይህ ገበያ ቀድሞ የሚነቃ ነው። ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ከተማ ይጠቀማል።

ምን ይደረግ?

ባለሱቁ ከጌጡ በፊት ምርቱንና ምንጩን ይያዝ። ሦስት ምልክት ይምረጥ እንጂ ሠላሳ አይስቀል፤ ሦስቱም ሥራ ያላቸው ይሁኑ። ለእያንዳንዱ ምልክት ሕፃን ቢጠይቀው የሚመልሰው ታሪክ ይኑረው። የሠሪውንና የአምራቹን ስም በፈቃዳቸው ይጻፍ፤ ዋጋውንም ይግለጽ።

አርሶ አደሩና ማኅበሩ ምርታቸውን በደረጃ ለይተው ያቅርቡ። «ለሱቅ የሚሆን» እና «ለጅምላ የሚሆን» ብለው መለየት ከቻሉ ዋጋ መደራደር ይችላሉ። የአካባቢያቸውን ስም ሌላው ሳይቀድማቸው ያስመዝግቡ።

የከተማ አስተዳደሮች፣ የንግድና የሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤቶች ብድር ሲሰጡ ምን ያህሉ ለምርት፣ ምን ያህሉ ለሱቅ ማስዋብ እንደሚውል በዕቅዱ ላይ እንዲታይ ይጠይቁ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የአናጢነትና የሸክላ ሥራ ሠልጣኞችን ከእነዚህ ሱቆች ጋር ያገናኙ፤ ሸክላ ሠሪዋ ተማሪ ብቻ ሳትሆን መምህር ሆና የምትጋበዝበት ክፍል ይኑር።

የገበያው ተጠቃሚም ድርሻ አለው። ወደ ያማረ ሱቅ ሲገባ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ይህን ማን አመረተው? ያንንስ ማን ሠራው? ባለሱቁ ሁለቱንም በስም መመለስ ከቻለ ግድግዳው ላይ ያለው መሶብ እውነተኛ ነው። መመለስ ካልቻለ ሰሙ ብቻ ነው ያለው፤ ወርቁ ገና አልመጣም።